የጓሮ ውበትና የባልንጀራ ጥም

ሰው በገዛ ገንዘቡ የከፈለበትን ውኃ ለጓሮው ጌጥ ቢያፈስ ማን ይከሰዋል? ሕግ አይከሰው ይኾናል፤ የኅሊና ፍርድ ግን ከሕግ ይቀድማልና ጥያቄውን ይዘን ወደ ዶርዜ እንውጣ።

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚያወጣውን ጠመዝማዛ መንገድ የያዘ መንገደኛ፣ ዐባያንና ጫሞን ቍልቍል እያየ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከቀርከሃ ከተሠሩት የዶርዜ ቤቶች ይደርሳል። በየቤቱ ዙሪያ እንሰት ቆሟል። ይኸውም ለዐይን ጌጥ፣ ለደጅ ጥላ፣ ለገበታ ቆጮና ቡላ ነው። ፍጉን ከበረት ይቀበላል፤ ቅጠሉን ለከብቱ ይመልሳል። በግንዱና በሥሩ ውኃ ስለሚያጠራቅም ዝናም ቢዘገይ ቶሎ አይረታም። በ1977 ዓ.ም. ወሎና ትግራይ በረኃብ ሲጐዱ፣ እንሰት ዋና ምግባቸው የኾነ ብዙ አውራጃዎች መከራው ቀልሎላቸው አልፏል።

የዶርዜ ደጋ ግን ዝናም የተነፈገው አገር አይደለም። ታዲያ ድርቅን የሚችል ተክል ለምን ያከብራል? እንሰት ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ የሚተክለውም ሰው በጥጋቡ ቀን የክፉውን ቀን፣ በራሱም ዕድሜ የልጁን ዕድሜ ያስባል። ከተራራው በታች በቆላው ደግሞ ውኃ የማያበዛው ሽፈራው በየግቢው ቆሞ ቅጠሉ እንደ ጐመን ይበላል።

እኛ የከተማ ሰዎች ግን በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ቅጥር ሣር እንዘረጋለን። በበጋ ቧንቧ ከፍተን ስናጠጣው፣ ከአጥሩ ማዶ ባልንጀራችን ጀሪካን ይዞ ተሰልፏል። ውበትን መውደድ ነውር ነው አንልም፤ ዐይንም ምግብ ይሻል። ነገር ግን እሬትም፣ ወይራም፣ ሽፈራውም በጥቂት ውኃ ያምራሉ። የሣሩን ስፋት መቀነስ፣ የጣራውን ዝናም ማጠራቀም፣ የተክሉን ሥር በገለባ ማልበስ ከማናችንም ዐቅም በላይ አይደለም።

«አንድ ሰው ሣሩን ቢተው የሰፈሩ ሰልፍ አያጥርም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ዳሩ ግን አንድ እግር እንሰትም ብቻውን ረኃብን አልመለሰም፤ የመለሰው እያንዳንዱ ጎረቤት በየጓሮው መትከሉ ነው። ስለዚህ ውኃን መቈጠብ ንፉግነት አይደለም፤ ከማናየው ሰው ጋራ ማዕድ መቍረስ ነው እንጂ።