«ደኅና ነህ?»

ሹም አቦ ከጎረቤቶቼ ጋር ቡና እየጠጣን ሳለ ለማረፍ ዝቅ እያለ የሚሄድ አውሮፕላን ሰማን። ከመካከላችን በረራ የሚማር ወጣት ነበር። «አሁን ቼክሊስት እያነበቡ ነው» አለን። እሱ በሚማርባት ትንሽ አውሮፕላን ደግሞ በቃል የሚያዝ ነገር አለ፤ «ጋምፕስ» ይሉታል። የአምስት የእንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ፊደላት ናቸው፦ ነዳጅ፣ ጎማ፣ የነዳጅና የአየር ድብልቅ፣ ፕሮፔለር፣ ቀበቶ። ከማረፋቸው በፊት አንድ በአንድ እየጠሩ ያያሉ።

«አስታውሱኝ የሚል ፓይለት ምኑን ፓይለት ሆነ?» አሉ ጋሼ፣ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው። ቀጠሉና የመስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም.ን አደጋ አነሱ። ከዚሁ ከባሕር ዳር ወደ አስመራ የተነሣ ቦይንግ 737 የርግብ መንጋ ሞተሮቹ ውስጥ ገብቶ፣ ጎማው ሳይዘረጋ በሆዱ ወረደ፤ ከ104 ተሳፋሪና ሠራተኛ 35ቱ ሞቱ። «ለርግብ የቱ ቃል ይደርሳል?»

እውነታቸውን ነው፤ ለርግብ አይደርስም። የተበጀው ለመርሳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 አሜሪካ ውስጥ ቦይንግ 299 ተነሥቶ ወዲያው የወደቀው የመሪዎቹ መቆለፊያ ሳይከፈት ቀርቶ ነው። አብራሪው ጀማሪ አልነበረም። ቼክሊስት የተለመደው ከዚያ ወዲህ ነው። አዋቂን «አይተኸዋል?» ብሎ መጠየቅ ስድብ አይደለምና፣ እዚህ ላይ ከጋሼ ጋር አልስማማም።

እኔን የያዘኝ ግን ልጁ በኋላ ያላት ናት። የሚማርባት ሴስና ጎማዋ አይታጠፍም፤ ሁልጊዜ እንደተዘረጋ ነው። ቢሆንም «ጎማ?» ይላል፤ «ወርዷል» ብሎ ራሱ ይመልሳል። ነገ ጎማዋ የሚታጠፍ ሲሰጡት እንዳይረሳ ነው። ታዲያ አፍ ብቻ ቢለምድስ? መቶ ጊዜ ሳያይ «ወርዷል» ያለ ሰው በመቶ አንደኛው ያያል? አስተማሪው «ዘወር ብለህ ጎማውን በመስኮት ሳታይ አትመልስ» ይለዋል አሉ። የማይታጠፍ ጎማ!

እኛስ? «ደኅና ነህ? ቤተሰብ ደኅና? ልጆች ደኅና?» የኛ ሰላምታም እኮ ቼክሊስት ነው። አንድ ጎረቤት ነበረኝ። በየጠዋቱ በሩ ላይ «ደኅና ነህ?» ስለው «እግዚአብሔር ይመስገን» ይለኛል፤ አልፌ እሄዳለሁ። መታመሙን የሰማሁት ለቀብር ስጠራ ነው። ሰላምታው ባዶ ነበር ልበል? አልልም። እሱ ባይኖር በሩ ላይ ቆሜም አላውቅ ነበር። በየቀኑ ዕድሉን ሰጥቶኛል፤ ፊቱን ቀና ብዬ ያላየሁት እኔ ነኝ።

ጋሼ የበሩን መቃን ይዘው ሲነሡ አየኋቸው።

«ጉልበትዎ እንዴት ነው፣ ጋሼ?»

«ተመስገን» አሉ። ዝም ብዬ አየኋቸው። ቆም አሉና ተመልሰው ተቀመጡ።