ትዕግሥትም ቀን አለው

መገናኛ ታክሲ ተራው አጠገብ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። ሰዎች ግራ ቀኝ አይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ከሚጠይቁኝ ነገሮች አንዱ የሕፃን ወንድ ልጅ የዘር ፍሬ ወደ ከረጢቱ አለመውረድ ነው። «የሚያወርድ መድኃኒት የለም?» ይሉኛል። የለም። የሆርሞን መርፌንም የአሜሪካ የዩሮሎጂ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 መመሪያው አልመከረውም። መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው ስላቸው አንዲት አያት፣ «ልጄ፣ ፈጣሪ የሠራውን በምላጭ መንካት ድፍረት አይሆንም?» አሉኝ።

ለጥያቄያቸው የጥንት መልስ አለ፤ ሠለስቱ ምዕት የተባሉት የቤተ ክርስቲያን አባቶች እ.ኤ.አ. በ325 ኒቅያ ላይ በወሰኑት የመጀመሪያ ቀኖና ራሱን የሰለበ ሰው ከክህነት ይውጣ ሲሉ፣ ሐኪም በሕመም ምክንያት የቆረጠበትን ግን በክህነቱ አጽንተውታል። ለሕክምና ፍሬ ማውጣት እንኳ ነውር ካልሆነ፣ ቦታው ማስገባት እንዴት ነውር ይሆናል?

እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው፤ ገና መናገር በማይችል ልጅ ላይ ምን ያህል እንድፈር? ፍሬው በእጅ ከተዳሰሰ ነገሩ ይቀላል። ሐኪሙ ብሽሽቱን ትንሽ ቀዶ፣ አብሮ ያለውን የቡአ ከረጢት አስሮ፣ ፍሬውን አውርዶ ያጸናዋል። ዝቅ ብሎ ከተገኘ ደግሞ የቆለጡ ከረጢት ላይ አንድ ቅድ ይበቃል። ካልተዳሰሰ በላፓሮስኮፒ ሆድ ውስጥ ይፈለጋል። የደም ሥሩ አጭር ከሆነ ዋናው ተቆርጦ፣ ፍሬው በዘር ቱቦው ዙሪያ ባሉት ቀጫጭን ሥሮች እንዲኖር ይደረጋል፤ ብዙ ጊዜ ከወራት በኋላ በሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ይወርዳል። ሊሟሽሽም ይችላል። ለማዳን ሲባል ዋናውን የደም ሥር መቁረጥ ጸሎትም ምክክርም የሚሻ ድፍረት ነው።

አለመንካትም ግን ውሳኔ ነው። ጊዜያቸውን ጨርሰው ከሚወለዱ መቶ ወንዶች የሦስቱ ገደማ ፍሬ ሳይወርድ ይቀራል፤ ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ ወራት በራሱ ይወርድላቸዋል። ከስድስት ወር ወዲያ የሚወርደው ጥቂት ነው፤ የሆድ ሙቀትም ዘር አፍሪ ሴሎችን ይጎዳል፣ የካንሰር ሥጋትም ይጨምራል። ስለዚህ ልጁ አሥራ ስምንት ወር ሳይሞላው እንዲሠራለት ይመከራል።

«እማማ» አልኳቸው፣ «እስከ ስድስት ወር መጠበቅ ትዕግሥት ነው። ከዚያ ወዲያ ‹ለእግዜር ትቻለሁ› ብንል፣ የፈራነው እኛ፣ ስሙ የሚነሣው የእሱ ነው።» ከዚያ የሕፃናት ቀዶ ሐኪም ያለበትን ሆስፒታል ጻፍኩላቸው።