ማርሽና የድካም ክብር

የእሽቅድድም ብስክሌት ማርሽ መጠኑ የሚታወቀው በጥርሱ ብዛት ነው። ፊት ባለ 52፣ ኋላ ባለ 14 ጥርስ ማርሽ ሲገጠም፣ ፔዳሉ አንድ ጊዜ በዞረ ቁጥር ብስክሌቱ 8 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ፊትም ኋላም ባለ 34 ከሆነ ጉዞው ከ2 ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ፔዳሉ ግን ይቀላል። ከዚህ ስሌት አንድ የሥነ ምግባር ጥያቄ ይነሳል፦ መሣሪያ ያቀለለው ዳገት በራስ ጉልበት እንደተወጣ ይቆጠራል?

ቱር ደ ፍራንስ የተባለውን የብስክሌት ውድድር በ1903 እ.ኤ.አ. ያስጀመረው አንሪ ዴግራንዥ አይቆጠርም ባይ ነበር። ውድድሩ የጡንቻና የፈቃድ ፈተና ሆኖ እንዲቀር ስለፈለገ፣ ስመ ጥር ተወዳዳሪዎች እየጋለቡ ማርሽ እንዲቀይሩ የተፈቀደው እሱ ኃላፊነቱን ከለቀቀ በኋላ በ1937 ነው። እስከዚያው የኋላውን ጎማ ግራና ቀኝ ልዩ ልዩ ማርሽ ይገጥሙለትና ዳገት ሥር ሲደርሱ ወርደው ያገላብጡት ነበር። እዚህ ላይ ክልከላው ራሱን ያፈርሳል፤ ቆሞ መቀየር ክብርን ካልነካ፣ እየሄዱ መቀየር እንዴት ይነካል?

መልሱ ያለው ማርሽ በሚሠራው ነገር ላይ ነው። ማርሽ ጉልበት አይጨምርም። ዳገቱን ለመውጣት የሚያስፈልገውን ሥራ በዋናነት የሚወስኑት የጋላቢውና የብስክሌቱ ክብደት፣ የዳገቱም ከፍታ ናቸው፤ እነዚህ ደግሞ በማርሽ አይለወጡም። የሚለወጠው አከፋፈሉ ነው። ትልቁ ማርሽ በጥቂት ዙር ከባድ ግፊት፣ ትንሹ በብዙ ዙር ቀላል ግፊት ያስከፍላል። ዕዳው ግን አንድ ነው፤ የተሰረዘለት ሰው የለም። ዴግራንዥ ለድካም የነበረው አክብሮት ቅን ነው፤ የሳተው ድካምን ከሥቃይ ጋር አንድ ማድረጉ ላይ ነው።

ክብር በማርሽ ውስጥ ስፍራ ካለው፣ ስፍራው ምርጫው ላይ ነው። ብስክሌተኛው ኤዲ መርክስ በ1972 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ የአንድ ሰዓት ክብረ ወሰን ሲሰብር፣ ብስክሌቱ የነበረው የማይቀየር 52 በ14 ማርሽ ብቻ ነበር። 49.431 ኪሎ ሜትር ለመጋለብ በየደቂቃው ከ100 ዙር በላይ ማዞር ነበረበት። ከዚያ የበለጠ ማርሽ እግሩን ቀድሞ ባደከመው፣ ያነሰው ደግሞ ዙሩን ከአቅም በላይ ባበዛበት ነበር። እንዲህ ያለው ምርጫ ከመነሻው በፊት የሚያልቅ ስለሆነ፣ ተወዳዳሪው መሆን የሚመኘውን ትቶ የሆነውን ብቻ እንዲመዝን ያስገድደዋል።