የጉትቻው ዓመት

በሰሜን ሕንድ፣ ከላክናው ከተማ አጠገብ፣ ማሊሃባድ የሚባል የማንጎ አገር አለ። በዚያ አንድ አባት የማንጎ ማሳውን ለልጁ አውርሶ ሞተ። ዛፉ ሁሉ ለማለት ይቻላል ዳሼሪ ነው፤ ገበያ የሚሻማበት ጣፋጭ ዘር። በመካከሉ ግን ከፍሬ የበቀሉ አምስት ስድስት አሮጌ ዛፎች ቆመዋል፤ ፍሬያቸው ኮምጣጣ፣ ቃጫው ጥርስ ውስጥ የሚሰነቀር።

ልጁ ትጉህ ነው። ሒሳቡን ሠራና አሮጌዎቹን ዛፎች አስቆረጣቸው። በየካቲት ማሳው ሲያብብ ደግሞ ዝንቡ አስጠላው፤ አበባው ላይ ፀረ ተባይ ረጨ። ንቡም አብሮ አለቀ።

አበባው እንደዚያ ዓመት አምሮ አያውቅም ነበር። በመጋቢት በየዘለላው ጫፍ ላይ አተር አተር የሚያክሉ ፍሬዎች ተጨናንቀው ወጡ። ልጁ ደስ ብሎት ከአባቱ ጋር ስትለቅም የኖረችውን አሮጊት ጠራት። አንዷን ቀጥፋ በጥፍሯ ሰነጠቀቻት። ውስጧ ያለው ዘር ጠቁሮ ተጨማዷል።

«ጁምካ ነው ልጄ» አለችው፤ በአገሩ ቋንቋ ጉትቻ ማለት ነው። «አባትህ እነዚያን ኮምጣጣ ዛፎች ለምን ያቆያቸው ይመስልሃል?»

«አዝኖላቸው መስሎኝ።»

ብዙም ሳይቆይ ጉትቻው ሁሉ ረገፈ።

ሰዎቹ የምሳሌ ሰዎች ናቸው፤ ጁምካ ግን የዚያ አገር ገበሬ በእውነት የሚያለቅስበት ችግር ነው። ዳሼሪ በራሱ ዘር የአበባ ብናኝ ፍሬ አይዝም፤ የሌላ ዘር ማንጎ አጠገቡ ሊያብብ ይገባል። የማንጎ ብናኝ ደግሞ የሚያጣብቅ በመሆኑ ለነፋስ እምብዛም አይመችም፤ ከዛፍ ዛፍ የሚያደርሱት በአብዛኛው ዝንብና ንብ ናቸው። በደህናው ዓመት እንኳ ከመቶ አበባ አንዱ ለፍሬ ከበቃ ብዙ ነው።

እኔን የሚያሳዝነኝ የልጁ ሒሳብ ትክክል መሆኑ ነው። ኮምጣጣው ዛፍ ሳንቲም አያስገባም፣ ዝንቡም እንዲሁ። የእነሱ ሥራ የሚታየው በሌላው ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ ማንም በስማቸው አይቆጥርላቸውም።

በድሮው ሰፈራችን «ዟሪ» የምንላቸው አንዲት እናት ነበሩ። ሥራ ፈት እንላቸው ነበር። ከቡና ቡና ሲሉ ይውላሉ፤ ማን እንደወለደች፣ ማን እንደተኛ፣ የማን ልጅ ደብተር እንዳጣ የምንሰማው ከእሳቸው አፍ ነበር፤ ሰምተንም ዝም አንልም። ሰፈሩ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ስንገባ እሳቸው ሩቅ፣ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። እዚህ ደረጃው ንጹሕ ነው፤ በሩም ሁሉ ዝግ ነው። ከእኛ አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ የሚኖረው ጎረቤታችን ታሞ እንደነበር ያወቅነው ግቢው ውስጥ ድንኳን ሲተከል ነው።