የመበለቲቱ ዘይትና የእኛ ዕዳ



ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የቤተሰብ አባት ከቅዳሴ በኋላ ወደ እኔ ቀርቦ «አባ፣ በጸሎትዎ ያስቡኝ፤ ኑሮ ከብዶኛል» አለኝ። እኔም ለሌላ ጉዳይ እቸኩል ስለ ነበር «አይዞህ፣ እግዚአብሔር ያውቃል፤ ጸልይ» ብዬ ባርኬ አሰናበትሁት። የተናገርሁት ቃል ሐሰት አልነበረበትም። ይሁን እንጂ ያ ሰው ከዚያ እሑድ ወዲህ በቅዳሴ ላይ አልታየም። ከወራት በኋላ ወደ ቤቱ በሄድሁ ጊዜ እውነቱን ተረዳሁ። ለልጁ ማሳከሚያ ከአራጣ አበዳሪ ገንዘብ ወስዶ ኖሯል፤ ወለዱም ከዋናው በልጦበታል፤ ነገሩንም ከገዛ ሚስቱ ሳይቀር ደብቆታል። የቁምስናውን ዓመታዊ መዋጮ ስላልከፈለ ደግሞ «በምን ዓይኔ ሰው ፊት እቆማለሁ?» ብሎ ከቤተ ክርስቲያን ቀርቷል። በዚያ እሑድ ልጠይቀው ሲገባኝ ያልጠየቅሁት አንድ ጥያቄ ነበር፤ «ዕዳህ ስንት ነው?» የሚል።

ይህን የምጽፈው ጉዳዩ የአንድ ሰው ብቻ ስላልሆነ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ በደመወዝና በጡረታ አበል የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች ከወር ወር መድረስ እንደ ተሳናቸው በየቤቱ ስንዞር የምናየው ነው። የቤት ኪራይ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ጤፍና ዘይት የእናቶችን እንቅልፍ ይነሳሉ። እንግዲህ እንዲህ ባለው ሌሊት ክርስቲያን እንዴት ይጸልያል?

በሁለተኛው መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 4 መጀመሪያ ላይ በዕዳ የተያዘች አንዲት መበለት እናገኛለን። ባልዋ ከነቢያት ማኅበር የነበረና እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ነበር፤ ሲሞት ግን ያወረሳት ዕዳ ነው። አበዳሪውም ሁለቱን ልጆችዋን ባሪያ አድርጎ ሊወስድ መጣ። ከዚህ አስቀድመን የምንማረው ዕዳ የኃጢአት ምልክት አለመሆኑን ነው። እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ቤትም ባዶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የተቸገረውን ሰው «ምን በድሎ ይሆን?» እያልን በዓይናችን አንፍረድበት።

መበለቲቱ ወደ ነቢዩ ኤልሳዕ ሄዳ ጮኸች። ጩኸቷም በደፈናው «ኑሮ ከበደኝ» የሚል አልነበረም፤ ማን እንደ መጣባት፣ ምን ሊወስድባት እንደ ሆነ ለይታ ተናገረች። ኤልሳዕም እንደ እኔ በቶሎ አላሰናበታትም። ምን ሊያደርግላት እንደሚችል ጠየቃት፤ በቤቷ ምን እንዳለም ጠየቃት። እርስዋም ከአንድ ማሰሮ ዘይት በቀር ምንም እንደሌላት መለሰችለት። እነሆ የጸሎት መጀመሪያ እንዲህ ያለ እውነት ነው። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ ከእግዚአብሔርና ከትዳር ጓደኛ የተሸሸገ ዕዳም በጨለማ ያድጋል። ሰማያዊ አባታችን የሚያስፈልገንን ሳንለምነው ያውቃል፤ እኛ ግን በፊቱ ስንናገረው ራሳችን እውነቱን እናውቀዋለን፤ ፍርሃቱም ስምና ቁጥር ያገኛል። እንግዲያውስ የዕዳውን ደብተር በመስቀሉ ፊት ዘርግቶ «ጌታ ሆይ፣ ይህን ያህል ብር አለብኝ፤ እስከዚህ ቀን መክፈል አለብኝ፤ ፈርቻለሁ» ማለት እምነት ማጣት አይደለም፤ ልጅ ከአባቱ ጋር የሚነጋገረው እንደዚህ ነው።

ከዚህ በኋላ ኤልሳዕ መበለቲቱን ከጎረቤቶችዋ ሁሉ ባዶ ዕቃ እንድትዋስ፣ ያውም ጥቂት እንዳይሆን አዘዛት። ስለዚህ ወደ ተአምሩ የሚወስደው መንገድ በጎረቤት ደጃፍ ያልፋል። እያንዳንዱን በር ስታንኳኳ ምን ያህል አፍራ ይሆን? ይሁን እንጂ በሯን ዘግታ ከልጆችዋ ጋር ዘይቱን ስትቀዳ፣ በእጇ የነበረው ዕቃ ሁሉ የጎረቤት ዕቃ ነበር። ዘይቱም የቆመው ዕቃው ባለቀ ጊዜ ነው። እኛ ጎረቤቶች ዕቃችንን ብንነፍጋት ኖሮ ዘይቱ ከየት ላይ ይቆም ነበር? ይህን ጥያቄ እያንዳንዱ ቁምስና ለራሱ ሊያቀርብ ይገባል።

በመጨረሻም ዕቃዎቹ በሞሉ ጊዜ የእግዚአብሔር ሰው ዘይቱን ሸጣ ዕዳዋን እንድትከፍል፣ በቀረውም ከልጆችዋ ጋር እንድትኖር ነገራት። ቅደም ተከተሉን አስተውሉ፤ መጀመሪያ ዕዳ፣ ቀጥሎ ኑሮ። ተአምሩ ከመሥራትና የተበደሩትን ከመመለስ ግዴታ ነጻ አላወጣትም። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም ስለ ዕለት እንጀራ በሚያስረዳበት በቁጥር 2830፣ ጌታ በአባታችን እንድንታመን ሲያስተምረን ወደ ስንፍና እንዳልጠራን፣ ነገር ግን ልብን ከሚበላ ጭንቀት ሊያሳርፈን እንደ ወደደ ይገልጻል።

ምናልባት ከእናንተ መካከል «እኔም ጸልያለሁ፤ ሱቄ ግን ተዘግቷል፤ ማሰሮዬም አልሞላም» የሚል ይኖራል። ይህን ሰው በባዶ ቃል ልደልለው አልሻም። የመበለቲቱ ተአምር በሁላችን ቤት አልተደገመም። «ገንዘብ ስጡ፣ እጥፍ ሆኖ ይመለስላችኋል» የሚሉ ሰዎች የሚሰብኩትም የክርስቶስ ወንጌል አይደለም። ጌታችን ራሱ በጌቴሴማኒ ጽዋው እንዲያልፍለት ለመነ፤ ጽዋውም አላለፈለትም። ነገር ግን በፍርሃት ተንበርክኮ የነበረው ከጸሎቱ ሲነሣ ሊይዙት የመጡትን ለመቀበል የሚሄድበት ኃይል ነበረው። ጸሎት አንዳንድ ጊዜ ዕዳውን ያነሣል፤ ሁልጊዜ ግን ባለ ዕዳውን ያነሣል።

ላበዳሪዎችም አንድ ቃል አለኝ። ኦሪት ዘፀአት በምዕራፍ 22 ከድሀ ወለድ መውሰድን ይከለክላል፤ በመያዣ የተወሰደ ልብስም ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲመለስ ያዝዛል፤ ድሀው የሚተኛበት ሌላ የለውምና። በማቴዎስ ወንጌል በተጻፈው «አባታችን ሆይ» ውስጥም ስለ በደላችን ይቅርታ የምንለምንበት የግሪክኛው ቃል በቀጥታ ትርጉሙ «ዕዳ» ማለት ነው። ስለዚህ አራጣ የሚያበድር ክርስቲያን ይህን ጸሎት በየቀኑ ሲደግም በራሱ ላይ ይመሰክራል።

ቤተ ክርስቲያን በዚህ ጉዳይ ከመምከር አልፋ የሠራችበት ጊዜም አለ። በኢጣልያ ድሆች በከባድ ወለድ ሲጨነቁ፣ እ.ኤ.አ. በ1462 በፔሩጃ ከተማ በፍራንቸስካውያን መነኮሳት ስብከት ለችግረኞች በመያዣ የሚያበድር የምሕረት የገንዘብ ተቋም ተመሠረተ። አምስተኛው የላተራን ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1515 እንዲህ ያሉ ተቋማትን ተቀበለ። እነዚያ መነኮሳት ጸሎትንና የሒሳብ መዝገብን አልለያዩም። እኛም እቁብና እድር ያለን ሕዝብ ነን፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚል ተረት ያለን ሕዝብ ለአንድ ወንድሙ ባዶ ዕቃ ማዋስ አያቅተውም።

ስለዚህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ አንድ ምእመን ከቅዳሴ ሲቀር «እምነቱ ቀዝቅዟል» ከማለታችሁ በፊት ሄዳችሁ ጠይቁት። የነገራችሁንም በምስጢር ያዙለት። መዋጮ ያልከፈለ ሰው ስሙ በጉባኤ ፊት እንዳይነበብ ከቁምስናችሁ ምክር ቤት ጋር ተነጋገሩ። ባልና ሚስትም በወር አንድ ምሽት የቤታቸውን ገቢና ወጪ አብረው እንዲያዩ፣ ከዚያም አብረው «አባታችን ሆይ» እንዲደግሙ ምከሩ።

ያ የነገርኋችሁ አባት በመጨረሻ እውነቱን ለሚስቱ ነገራት። እርስዋም አለቀሰች፤ ቀጥሎም «ለምን ብቻህን ተሸከምኸው?» አለችው። ሁለት የቁምስናችን ሽማግሌዎች ከእርሱ ጋር ወደ አበዳሪው ሄደው ወለዱ እንዲቆም፣ ዋናውም በየወሩ ጥቂት በጥቂት እንዲከፈል አስማሙ። ከፍሎ እስኪጨርስ ከሁለት ዓመት በላይ ፈጀበት። ወደ ቅዳሴ የተመለሰው ግን ዕዳውን በጨረሰ ጊዜ አልነበረም፤ ለሚስቱ በነገራት በማግሥቱ እሑድ፣ ዕዳው ገና ሙሉ ሳለ ከነቤተሰቡ መጥቶ ቆመ። እኔም ይቅርታ ጠየቅሁት።

የመበለቲቱን ጩኸት የሰማ አምላክ የእኛንም ይስማ፤ ለተጨነቀው የሚናገርበትን ድፍረት፣ ለእኛም የምንሰማበትን ጆሮና የምናውሰውን ዕቃ ይስጠን። አሜን።