ማንን ይምሰል?

እርግዝናዬ ሰባት ወር ከሞላው ወዲህ ቤታችን የሚመጣ ሰው ሁሉ ገና ቡናው ሳይቀርብለት የልጄን መልክ ያከፋፍላል። አማቴ "አፍንጫው የኛ ነው፤ በዚህ ቀልድ የለም" ይላሉ። አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ "ያስጠላሽን ሰው አትይ ልጄ፤ ኋላ ቁርጥ እሱን መስሎ ይወጣል" እያሉ ያስጠነቅቁኛል። ባለቤቴ "ፍንጭትሽን ይውሰድ፣ ሌላው ከኔ ይሞላል" ብሎ ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ሌሊት ልጁ ሲገላበጥ ስነቃ ግን ሳቁ አብሮኝ አይነቃም። እውነት ይሄ ልጅ እኔን እንዲመስል እፈልጋለሁ?

ሰው ስለ መምሰል መጨነቅ የጀመረው ዛሬ አይደለም። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 30 ያዕቆብ የተላጠ በትር በውኃ ማጠጫው ፊት እንዳቆመና መንጎቹ ያንን እያዩ ዝንጉርጉር እንደወለዱ ይተርካል። በ3ኛው ወይም በ4ኛው መቶ ዘመን ገደማ ሄሊዮዶረስ የተባለ ጸሐፊ በግሪክኛ የጻፈው "ኢትዮጲካ" የተሰኘ ልብ ወለድ ውስጥም አንዲት የኢትዮጵያ ንግሥት በፀነሰችበት ሰዓት የአንድሮሜዳን ሥዕል በማየቷ ነጭ ልጅ ትወልዳለች። ባሏ እንዳይጠረጥራት ፈርታም ሕፃኗን ትጥላታለች። እንግዲህ የልጅቷ ጥፋት አለመምሰሏ ብቻ ነው።

የዛሬው ሳይንስ በትሩንም ሥዕሉንም ትቶ ዕጣ ያወራናል። ልጁ ከኔ 23፣ ከአባቱ 23 ክሮሞዞም ይዞ ይመጣል፤ የትኛው እንደሚደርሰው መራጩ እኔ አይደለሁም። ከሁሉ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ሴት ልጅ የእንቁላል ሕዋሶቿን ይዛ ነው የምትወለደው። ስለዚህ ይህን ልጅ ያስገኘችው እንቁላል የተሠራችው እኔ ራሴ በእናቴ ማሕፀን ሳለሁ ነው። እናቴ እኔን አርግዛ ቡና ስትወቅጥ የልጄም ግማሽ አብሯት ነበር ማለት ነው። "ዘር ከልጓም ይስባል" የተባለው እንዲያው አይደለም።

እኔን ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ ግን የአፍንጫ ነገር አይደለም፤ ኩርፊያ ነው። የኛ ቤተሰብ አይጮህም፣ አይሳደብም። ያኮርፋል። እናቴ ስታኮርፍ ምን እንዳጠፋሁ ሳላውቅ ሦስት አራት ቀን ፊቷን ሳነብ እውል ነበር። እሷም ከእናቷ የወሰደችው ነው። እኔም ይኸው ታናሽ እህቴን ካኮረፍኳት ሁለት ዓመት አለፈኝ። ምክንያቱም አባታችን ታሞ በተኛ ጊዜ "አንቺ የት ነበርሽ?" ያለችኝ አንድ ቃል ናት። ማርገዜን የሰማችው ከሰው ነው። "ኧረ ተይ፣ ታረቂ" ሲሉኝ መልሴ አንድ ነው፦ "ምን ላድርግ፣ ዘራችን ነው!"

እስቲ ይሄን "ዘራችን ነው" የምንለውን ነገር ረጋ ብለን እንየው። አያቴ ድዷ ንቅሳት ነበር፤ እናቴም እንዲሁ። ሁለቱ ሲስቁ ያየ ሁሉ "ቁርጥ እናቷን!" ይል ነበር። ንቅሳት ግን በደም አይወረስም። አያቴ ልጇን እያለቀሰች ነቃሽ ዘንድ ወስዳ፣ እጇን ይዛ፣ በእሾህና በጥላሸት ስላስነቀሰቻት ነው የመጣው። እኔ ንቅሳት የለኝም። ተራዬ ሲደርስ እናቴ "እኔን ያመመኝ ይበቃል" አለች። ከስንት እናት ሲወርድ የመጣው ነገር በዚያች ቃል ቆመ።

ኩርፊያውን ግን ሳታውቀው ነቀሰችኝ። እጇ ላይ እሾህ ስላልነበረ እሷም አላየችውም፣ እኔም አልጮህኩም። እናንተስ፣ "ዘራችን ነው" ብላችሁ ከተሸከማችሁት ውስጥ ስንቱ ንቅሳት ይሆን?

ታዲያ "ልጄ እንደኔ አይሁን" ብሎ መጸለይስ ይበቃል? እሱም ወጥመድ አለው። ምትኩ፣ ካሳ፣ ማስረሻ እያልን ስም እናወጣለን። ሐዘን ያወጣቸው ስሞች ናቸውና አልነቅፋቸውም። ግን እኔም ስም ባላወጣለት እንኳን በልቤ "ካሳ" እያልኩት ነበር። እኔ ያቃተኝን ይቅርታ እሱ እንዲችልልኝ፣ እኔ ያልተናገርኩትን እሱ እንዲናገርልኝ እመኛለሁ። ገና ላልተወለደ ልጅ የናቱን ዕዳ ማሸከም ፍርድ ነው? የራሱ የሆነውን ጠባይ ይዞት ይመጣል፤ በዚያ ላይ ሥልጣን የለኝም። ሥልጣኔ በየቀኑ እያያት በምታድገው ሴት ላይ ነው። እሷን ደግሞ ልጁ እስኪደርስ ልጠብቃት አልችልም።

የምትከታተለኝ ሐኪም ልጁ አሁን ድምፄን እንደሚሰማ ነገረችኝ። ሕፃን ገና እንደተወለደ የእናቱን ድምፅ ከሌላ ሴት ድምፅ እንደሚለይም በጥናት የታወቀ ነው። ወደ ቤት ስመለስ ታክሲ ውስጥ ሆኜ አሰብኩት። ይሄ ልጅ ሳንጎራጉር ሰምቶኛል፤ ከረዳት ጋር በመልስ ሳንቲም ስጨቃጨቅም ሰምቶኛል። የአክስቱን ስም ግን አንድም ቀን ከአፌ አልሰማም። ለካ መንቀሱን ጀምሬዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ደወልኩላት። "ሄሎ" ስትል ድምፄ ጠፋኝ። እሷም ዝም አለች፤ የአንድ እናት ልጆች አይደለን! ብዙ ቆይታ "ስንት ወርሽ ገባ?" አለችኝ። "ስምንት" አልኳት። የአባታችንን ነገር አላነሳነውም፤ ገና ብዙ ይቀረናል። ብቻ ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት እንደ ሰዉ ሁሉ "ማንን ይመስል ይሆን?" ብላ ጠየቀች።

አፍንጫውን አማቴ እንደወሰዱት ነገርኳት። የቀረውን ገና ከራሴ ጋር እየተነጋገርኩበት ነው።