ዕርቅና ተበዳይ

በዳይን መቅጣት ብቻውን የተበዳይን ዕንባ አያብስም። ስለዚህ ልዩ ልዩ ሕዝቦች የዕርቅን መንገድ ፈልገዋል። በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 ሥራውን የጀመረው የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን፣ የፖለቲካ ወንጀሉን ሳይደብቅ ለተናገረ ምሕረት ይሰጥ ነበር፤ ጸጸትን ግን ግዴታ አላደረገም። በሩዋንዳም ከ1994ቱ ዕልቂት በኋላ፣ ከ2002 እስከ 2012 የተሠራበት የጋቻቻ ሸንጎ በዳዩን በጎረቤቶቹ ፊት አቁሞ፣ ላመነው ቅጣቱን ያቀልለት ነበር። በእኛም አገር ሽማግሌዎች ጉማ አስከፍለው ደም ያደርቃሉ፤ ነገር ግን «ስለ እግዚአብሔር ብለህ ማር» ሲሉት ተበዳዩ እምቢ ለማለት ያፍራል።

እኔ ሦስቱን ሳመዛዝን አንድ ነገር አያለሁ። ወጣት አንባቢ ሆይ፣ እውነት ይቅደም፤ ካሣ ይከተል፤ ይቅርታ ግን የተበዳዩ ገንዘብ ነውና ማንም በግድ አይውሰድበት።